ፍጉን ከመበተናችሁ በፊት ባቄላ ዝሩበት፦ ፀረ አረም የነካውን ኮምፖስትና ጉዝጓዝ እንዴት እንለያለን?

አዲስ አበባ መሃል አትክልት የሚተክል ሰው አፈር አይታደልም። ካዛንቺስም ይሁን ፒያሳ፣ ቀበናም ይሁን ልደታ፣ ግቢውን ቆፈር ስታደርጉ የሚወጣው ወይ የብሎኬት ስብርባሪ ነው፣ ወይ ውሃ የማያሳልፍ ድርቅ ያለ ሸክላ አፈር። ስለዚህ ከውጭ ማስመጣት የግድ ነው። ፍግ ከላም አርቢ፣ ለጉዝጓዝ ማለትም አፈሩን ከላይ ለማልበስ የሚሆን ጭድ ከመኖ መሸጫ፣ የታጨደ ሣር ከሰፊ ግቢ። ሁሉም በማዳበሪያ ከረጢት ታጭቆ ይመጣል።

አብዛኛውን ጊዜ ችግር የለውም። አንዳንዴ ግን እንዲህ ይሆናል። ፍጉን በተናችሁ፣ ተከላችሁ፣ አጠጣችሁ። ጎመኑ አማረበት። በቆሎውም ቀጥ ብሎ ወጣ። ቲማቲሙ ግን ጫፉ ተጠማዘዘ፣ ቃሪያው ቆረቆዘ፣ ባቄላው ቅጠሉ ተጨማደደ። አንዱ በሽታ ነው ይላል። አንዱ ውሃ በዝቶበት ነው ይላል። ሌላው ዓይን ገብቶበት ነው ብሎ ይገላገላል። ፍጉን የሚጠረጥር የለም። ጥቁር ነው፣ ፍርክስክስ ያለ ነው፣ መጥፎ ሽታ የለውም። ምን ይወጣለታል?

እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው ግን እሱን ነው። ቀለምም፣ ሽታም፣ ዕድሜም ስለ ፀረ አረም ምንም አይነግራችሁም። የሚነግራችሁ ባቄላ ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው

ስንዴ፣ ገብስ ወይም ጤፍ ያለበት ማሳ ላይ የሚረጩ ብዙ ፀረ አረሞች የሚገድሉት ሰፊ ቅጠል ያለውን አረም ነው። የሣር ዘር የሆነውን ሰብል አይነኩትም። የግጦሽ መሬት ላይም የሚረጩ አሉ። ሣሩ መድኃኒቱን ይመጥጠዋል፣ ግን ምንም አይሆንም። ችግሩ የሚጀምረው ያ ሣር ወይም ገለባ ወደ እኛ ግቢ ሲመጣ ነው። ምክንያቱም ቲማቲም፣ ድንች፣ ቃሪያ፣ ሰላጣ፣ አተርና ባቄላ በመድኃኒቱ ዓይን ሲታዩ ሁሉም «አረም» ናቸው።

እዚህ ላይ ልዩነት ማወቅ ያስፈልጋል። ሁሉም ፀረ አረም እኩል አያሰጋም። አገራችን ውስጥ ከድሮ ጀምሮ የሚታወቀው ቱ ፎር ዲ አፈር ውስጥ በሳምንታት ይፈርሳል። ራውንድ አፕ ውስጥ ያለው ግላይፎሴት ደግሞ ከአፈር ጋር አጥብቆ ስለሚጣበቅ በሥር በኩል ብዙም አያስቸግርም። ኮምፖስት ውስጥ የሚያንገላቱን ሌሎች ናቸው። ስማቸውን ያዙ፦ አሚኖፒራሊድ፣ ክሎፒራሊድ እና ፒክሎራም። ሦስቱም የአንድ ቤተሰብ ኬሚካሎች ናቸው። ሦስቱም እንደ ዋዛ አይፈርሱም።

ላም የተረጨውን ድርቆሽ ብትበላ መድኃኒቱ አብዛኛው ሳይለወጥ በሽንቷና በእበቷ ይወጣል። እሷ ምንም አትሆንም። እበቱ ተከምሮ ሲብላላም አይጠፋም። የኮምፖስት ክምር 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ የአረም ዘርና ጀርም ይገድላል እንጂ እነዚህን ኬሚካሎች አያጠፋም። እንዲያውም ክምሩ እየበሰበሰ ሲሄድ መጠኑ ስለሚቀንስ፣ የቀረው ኬሚካል በአነስተኛ ክምር ውስጥ ይጠራቀማል። ደረቅ ሆኖ የተቀመጠ ድርቆሽ ውስጥማ ለዓመታት ሊቆይ ይችላል።

ምን ያህል ቢኖር ነው የሚጎዳው? ከአንድ ቢሊዮን እጅ ከ1 እስከ 10 እጅ የሚሆን ብቻ ስስ የሆኑትን ተክሎች ያጠማዝዛል። ይህን መጠን ለመለካት ውድ ላቦራቶሪ ያስፈልጋል። ባቄላ ግን በነፃ ይለካላችኋል ማለት ይቻላል።

ይህ የእኛ ሰፈር ወሬ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1999 እና በ2000 በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት፣ ስፖኬንና ፑልማን በሚባሉ ከተሞች፣ ክሎፒራሊድ ያለበት ኮምፖስት የሰዎችን አትክልት ጎድቷል። እ.ኤ.አ. በ2008 ደግሞ በእንግሊዝ አሚኖፒራሊድ በፍግ በኩል ብዙ የጓሮ አትክልት ስላበላሸ የመድኃኒቱ ሽያጭ ለጊዜው ታግዶ ነበር። እዚያም ሰዎቹ የገዙት «ጥሩ፣ የበሰለ ፍግ» ነው።

ደረጃ 1፦ ክምራችሁ ውስጥ ምን እንዳለ ለዩ

ቀላል መለያ አለ። አደጋው የሚመጣው ከሣር ዘርና የሣር ዘር ከበላ እንስሳ ነው። ይህን ከያዛችሁ ግማሹ ጭንቀት ይቀላል።

የወጥ ቤት ልጣጭ፣ የቡና አተላ፣ የእንቁላል ቅርፊት፣ የጎመን ግንድ አያሰጋም። የጫት ገረባም ከዚህ ጉዳይ ነፃ ነው። ጫት ራሱ ሰፊ ቅጠል ስለሆነ ይህ መድኃኒት ቢነካው ቀድሞ የሚጎዳው እሱ ነበር። (ጫት ላይ የሚረጨው የተባይ መድኃኒት ሌላ ወሬ ነው።) የቡና ገለባም እንደዚሁ። ሰጋቱራም ከእንጨት ስለሆነ እምብዛም አልፈራውም።

የሚያጠራጥሩት እነዚህ ናቸው፦ የስንዴ፣ የገብስና የጤፍ ጭድ፤ ድርቆሽ፤ የላም፣ የፈረስና የበግ ፍግ፤ ጭድ ተነጥፎበት የነበረ የዶሮ ኩስ፤ ከድርጅት ወይም ከሆቴል ግቢ በነፃ የሚሰጥ የታጨደ ሣር። የመጨረሻውን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ሣሩ ያማረና አንድ የአረም ቅጠል የማይታይበት ግቢ ካያችሁ፣ ያ ውበት ከየት መጣ ብላችሁ ጠይቁ። ዋሽንግተን ላይ ችግሩ ከመጣባቸው መንገዶች አንዱ ከሣር ሜዳ የታጨደ ሣር ነበር።

የበዓል ማግስት ቄጠማስ? እኔ ብዙም አያሰጋኝም። ግን እሱም ክምሩ ውስጥ ከገባ ከሌላው ጋር አብሮ ይፈተሽ።

ደረጃ 2፦ ሻጩን ጠይቁ፣ ግን መልሱን ሙሉ በሙሉ አትመኑ

ጥያቄ ነፃ ነው። ለምሳሌ ፍግ የምትወስዱላቸውን ላም አርቢ እንዲህ ብላችሁ ጀምሩ።

«እትዬ፣ ላሞቹ ምን ይበላሉ?»

«ምን ይበላሉ፣ ድርቆሽ ነዋ! ፉርሽካም አለ፣ ፋጉሎም አለ፣ አተላም ሲገኝ።»

«ድርቆሹ ከየት ነው የሚመጣው?»

«ከሱሉልታ በኩል ነው መሰለኝ። መኪና ያመጣዋል።»

እዚህ ላይ ያበቃል። መድኃኒት ተረጭቶበት ይሁን አይሁን እሳቸው አያውቁም። አይፈረድባቸውም። ድርቆሹ ከሦስት ሰው እጅ አልፎ ነው የሚደርሳቸው። ለዚህ ነው ጥያቄው ፈተናውን የማይተካው። ቢሆንም ጠይቁ። የጭድ ነጋዴው ገበሬውን የሚያውቀው ከሆነ፣ የተረጨው መድኃኒት ዕቃ ላይ ያለውን ጽሑፍ በስልክ ፎቶ አንስቶ እንዲልክላችሁ ለምኑት። ብዙ ጊዜ የንግድ ስሙ ትልቅ ሆኖ ይጻፋል፤ ውስጡ ያለው ኬሚካል ግን ከታች በትንንሽ ፊደል ነው። ከላይ የጠቀስኳቸውን ሦስት ስሞች እዚያ ፈልጉ። አንዱን ካያችሁ አትግዙ። ነገሩ እዚያው አለቀ።

አንድ ተጨማሪ ነገር። የተረጨ ሣር የበላ እንስሳ ሰውነት ከመድኃኒቱ ቶሎ ይጸዳል። በአሚኖፒራሊድ አጠቃቀም መመሪያ ላይ፣ የተረጨ ግጦሽ ላይ የነበረ ከብት ስስ ሰብል ወዳለበት ቦታ ከመዛወሩ በፊት 3 ቀን ያልተረጨ ሣር ላይ እንዲቆይ ይባላል። ስለዚህ አርቢዋ መኖ ከቀየሩ በኋላ ያለው አዲስ እበት ከድሮው ክምር የተሻለ ሊሆን ይችላል። «የቆየ ፍግ ይሻላል» የሚለው የተለመደ ምክር እዚህ ጋ አይሰራም።

ደረጃ 3፦ ናሙና አወሳሰድ

አንድ ጊዜ የመጣውን ጭነት ከሌላ ጊዜው ጋር አትቀላቅሉ። ቦታ ጠባብ ነው፣ አውቃለሁ። ቢያንስ በተለያየ ከረጢት አስቀምጡት። ከተቀላቀለ በኋላ መጥፎው የትኛው እንደነበር ማንም አይነግራችሁም።

ናሙናውን ከላይ ብቻ አትዝገኑ። የላይኛው በዝናብ የታጠበና በፀሐይ የደረቀ ነው። ከክምሩ ከስምንት እስከ አስር ቦታ፣ እጃችሁን አጥልቃችሁ፣ ከየቦታው አንድ አንድ እፍኝ አውጡ። ባልዲ ውስጥ ደባልቁት። ፍጉ ጭብጥ ጭብጥ ካለ በእጅ ፈርክሱት።

ከድብልቁ ትንሽ ወስዳችሁ ደረቅ ሃይላንድ ውስጥ ክተቱ። በማርከር ቀኑን፣ ከማን እንደመጣና ምን እንደሆነ ጻፉበት። ጥላ ቦታ አኑሩት። ከወራት በኋላ ክርክር ቢነሳ ማስረጃችሁ እሱ ነው።

ደረጃ 4፦ የባቄላ ፈተና

ሥራው ሁሉ ያለው እዚህ ነው። ረጋ ብላችሁ ሥሩት።

ዘሩ። ከእህል መሸጫ ሙሉ ባቄላ ወይም ሙሉ አተር ግዙ። ክክ አይደለም፤ ክክ አይበቅልም። ነቀዝ የበላውንና የተሸራረፈውን ለቅማችሁ አውጡ። ቀሪውን አንድ ሌሊት ውሃ ውስጥ ዘፍዝፉት። ከዚያ አጥልላችሁ በእርጥብ ጨርቅ ሸፍኑት። በቆልት ሠርታችሁ ታውቁ ከሆነ መንገዱ ያው ነው። ነጩ ሥር ጫፉን ብቅ ሲያደርግ ለመትከል ደርሷል። እንዲህ ማድረጉ ጥቅም አለው። የሞተው ዘር ከወዲሁ ስለሚለይ፣ በኋላ «ያልበቀለው በመድኃኒቱ ነው ወይስ ዘሩ አርጅቶ ነው?» ከሚል ጥርጣሬ ትድናላችሁ።

ዕቃው። ስድስት ተመሳሳይ ማሰሮ ያስፈልጋል። ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ ግማሹን ቆርጣችሁ፣ ታቹን በጋለ ሚስማር አራት አምስት ቦታ ብሱት። ለእያንዳንዱ የራሱ ሳህን ወይም ክዳን ከሥሩ አድርጉለት። ይህን አትዝለሉት። እነዚህ ኬሚካሎች በውሃ ይሟሟሉ። ሁሉንም አንድ ትሪ ላይ ብትደረድሯቸው ከአንዱ የፈሰሰው ውሃ ሌላውን ይበክልና ፈተናው ይበላሻል።

ንጹሕ አፈሩ። ማነጻጸሪያ የሚሆነው አፈር ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሰናከለው። ከገዛችሁት ኮምፖስት ጋር ያልተነካካ፣ ከዚህ በፊት ባቄላ ወይም ቲማቲም በደህና ያበቀለ አፈር ይሁን። እንዲህ ያለ ከሌላችሁ ቀይ አፈርና አሸዋ አደባልቁ። ለም መሆን የለበትም። ባቄላ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ስንቁን ዘሩ ውስጥ ይዞ ነው የሚመጣው።

አደባለቁ። ለሦስቱ ማሰሮ አንድ እጅ ኮምፖስት ወይም ፍግ፣ አንድ እጅ ንጹሕ አፈር። ለቀሩት ሦስቱ ንጹሕ አፈር ብቻ። መለኪያው ኩባያም ይሁን ጣሳ፣ አንድ ዓይነት ይሁን። ንጹሑን አስቀድማችሁ ሙሉ፣ ከዚያ የሚፈተሸውን። በተቃራኒው ብትሠሩ እጃችሁና ኩባያችሁ ንጹሑን ይበክለዋል። ፍጉ ገና ትኩስ ከሆነ፣ ዓይን የሚያቃጥል ሽታ ካለው፣ ሽታው እስኪጠፋ አቆዩት። ያ አሞኒያ ነው፤ ሥሩን ያቃጥልና ውጤቱን ያምታታባችኋል።

ተከላው። በየማሰሮው አራት በቆልት፣ የጣት አንጓ ያህል ጠልቆ። ሁሉም ሲወጣ ደካማውን ነቅላችሁ ሦስት አስቀሩ። ስድስቱንም ጎን ለጎን፣ እኩል ፀሐይ የሚያገኙበት ቦታ አኑሯቸው። በረንዳ ይበቃል። ውሃ በልክ፣ ከላይ። ማዳበሪያ የለም።

ቆይታው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ትላለች፤ ሌሊቱ ይበርዳል። ስለዚህ አትቸኩሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቅጠሎች ምንም ላያሳዩ ይችላሉ። የሚናገሩት ከእነሱ በኋላ የሚወጡት ናቸው። ቢያንስ ሦስት ዙር እውነተኛ ቅጠል እስኪወጣ ጠብቁ። በሚያዝያ ሦስት ሳምንት ገደማ ሊበቃ ይችላል። በሐምሌ ዝናብ ግን አራት ሳምንትና ከዚያ በላይ ስጡት።

ደረጃ 5፦ ውጤቱን ማንበብ

ማሰሮዎቹን ዓይናችሁ ደረጃ ላይ አንሷቸው። ከላይ ወደ ታች ብቻ ማየት ያታልላል።

ጤነኛ የባቄላ ቅጠል ዝርግ ነው፤ ሁለት ሁለት ሆኖ ይዘረጋል። ፀረ አረም የነካው ግን ዳር ዳሩ ወደ ላይ ይታጠፍና እንደ ጭልፋ ይጎደጉዳል። አዲሱ ጫፍ መዘርጋት ያቅተዋል፤ ጠባብና ጥቅል ሆኖ ይቀራል። ግንዱ ያለምክንያት ወደ ጎን ይጠማዘዛል። አንዳንዴ ጫፉ ጨርሶ ቆሞ፣ ከሥር በኩል ደካማ ቅርንጫፍ ያወጣል። ቅጠሉ ግን አረንጓዴ ነው። ይህ ምልክት በሦስቱም የኮምፖስት ማሰሮ ላይ ታይቶ በሦስቱም ንጹሕ ላይ ከሌለ፣ ፍርዱ ወጥቷል። በአንድ ማሰሮ ብቻ ከታየስ? እኔ እንደ መጥፎ ነው የምቆጥረው። ክምር ውስጥ መድኃኒቱ እኩል አይበተንም፤ አንዱ እፍኝ ሲበዛበት ሌላው ንጹሕ ሊሆን ይችላል።

አሁን ደግሞ የሚያምታቱትን እንይ።

የቅጠሉ ዳር ቡናማ ሆኖ ከደረቀ ያ ጨው ነው። የዶሮ ኩስ ላይ ይበዛል። ንጹሕ አፈር ጨምራችሁ አሳሱት። ተክሉ ቀጥ ብሎ ግን ቢጫ ከሆነ፣ በተለይ የታችኛው ቅጠል፣ ናይትሮጅን አጥሮታል። ገና ያልበሰበሰ ጭድ የበዛበት ኮምፖስት እንዲህ ያደርጋል። ግንዱ አፈሩ ጋ ሲደርስ ጠቁሮ ከወደቀ የሻጋታ በሽታ ነው፤ ውሃ ቀንሱ። ቅጠሉ ላይ ቢጫና አረንጓዴ ዝንጉርጉር ካለና ከሥሩ ክሽክሽ ካያችሁ፣ ቫይረስ ሊሆን ይችላል። የባሕር ዛፍ ቅጠል የበዛበት ክምርም ችግኝ ያቀጭጫል። ግን ያቀጭጫል እንጂ አያጠማዝዝም።

ንጹሑ ማሰሮም ከተጠማዘዘ ፈተናው ወድቋል። ወይ አፈሩ ንጹሕ አልነበረም፣ ወይ ጎረቤት የረጨው ነገር በነፋስ መጥቷል። እንደገና ጀምሩ።

መደብ ላይ ቀድማችሁ የተከላችሁት ከተጎዳ ደግሞ ይህን አስተውሉ። ቫይረስ አንዱን ተክል ይዞ ሌላውን ይተወዋል። ፀረ አረም ግን ዘመድ ያልሆኑትን ባቄላን፣ ቲማቲምን፣ ሰላጣን በአንድ ጊዜ ይመታል። አጠገባቸው ያለው በቆሎ ደህና ነው። ጎመንም አብዛኛውን ጊዜ ይቋቋማል፤ በተለይ ክሎፒራሊድን። የከተማችን ጓሮ ደግሞ በአብዛኛው ጎመን ነው። ለዚህ ነው ብዙ ሰው ለዓመታት ሳያውቀው የሚኖረው፤ ቲማቲም የሞከረ ቀን ነው ጉዱ የሚወጣው።

ደረጃ 6፦ ጭድና ድርቆሽ ለጉዝጓዝ ከሆነ

ፈተናው ይቀላል። ጭዱን በመቀስ ቆራርጣችሁ ባልዲ ውስጥ አጭቁት። እስኪሸፍነው ውሃ ጨምሩበትና አንድ ቀን ከነሌሊቱ ተዉት። በዚያ ውሃ ሦስት ማሰሮ ባቄላ አጠጡ። ሌሎቹን ሦስት በንጹሕ ውሃ። ውሃው ሲያልቅ ከዚያው ጭነት በሌላ ጭድ አዲስ አዘጋጁ፤ የቆየው ይሸታል። ቅጠሉን እንዳይነካ አፈሩ ላይ ብቻ አፍሱት። አነባበቡ ከላይ የተባለው ነው።

ጉዝጓዝ ከፍግ ይልቅ ታማኝ ይመስላል፤ ከላይ ነው የተነጠፈው፣ ሥር አይደርስም ትላላችሁ። ግን ዝናብ አለ። የክረምት ዝናብ ጭዱን እያጠበ መድኃኒቱን በቀጥታ ወደ ሥር ያወርደዋል።

ደረጃ 7፦ ቀድማችሁ በትናችሁ ከሆነ

አትደናገጡ። መሬቱ አልሞተም።

ጉዝጓዝ ከሆነ ዛሬውኑ በመንሽ ወይም በእጅ ሰብስባችሁ አንሱት። ከላይ የተበተነና ገና ያልተቀላቀለ ፍግም ይነሳል። የተጠማዘዙትን ተክሎች ንቀሉ፤ ግን ኮምፖስት ውስጥ አትጨምሯቸው። የያዙት መድኃኒት ተመልሶ ይመጣል።

ከአፈሩ ጋር ከተቀላቀለ የሚያፈርሱት ደቂቅ ሕዋሳት ናቸው። እነሱ አየር፣ እርጥበትና ሙቀት ይፈልጋሉ። በየሁለትና ሦስት ሳምንቱ ኮትኩቱት። በበጋ እርጥበቱ እንዳይጠፋ አጠጡት፤ ግን አታጥለቅልቁት። ብዙ ውሃ መድኃኒቱን ይዞ ወደ ጎረቤት ግቢ ሊሄድ ይችላል። ግድግዳ ተጋርተን ለምንኖር ሰዎች ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ጊዜው ከጥቂት ወራት እስከ ከአንድ ዓመት በላይ ነው። ከተማችን ቀዝቃዛ ስለሆነች ወደ ረጅሙ አስቡ።

ከሰል ኬሚካል ይይዛል። ለዚህ የሚሻለው በፋብሪካ የተዘጋጀው ነው፤ እሱን ማግኘት ግን ይከብዳል። የከሰል ሻጮች ከረጢት ሥር የሚቀረውን ድቃቂ መሞከር ትችላላችሁ። አቅሙ ያነሰ ነው። መደቡን ሁሉ ከማልበሳችሁ በፊት በማሰሮ ሞክሩት፦ ሦስቱ ከድቃቂ ጋር፣ ሦስቱ ያለ ድቃቂ። ባቄላው ልዩነት ካላሳየ ልፋቱ ይቅርባችሁ። አመድ ግን ከሰል አይደለም፤ አታምታቱት።

እስከዚያው መሬቱ ባዶ አይደር። በቆሎ ዝሩበት። አገዳውን ግን ለጉዝጓዝ አታውሉት፣ ለከብትም አትስጡ። ቆሻሻ ለሚሰበስቡት ማኅበራት አሳልፉት።

በማሰሮና በከረጢት የምትተክሉ ሰዎች ደግሞ መኮትኮቱ ብዙ አይረዳችሁም፤ አፈሩ ጥቂት ነው። አውጥታችሁ የግቢው ሣር ላይ በስሱ በትኑት። ማሰሮውን እጠቡና በአዲስ አፈር ጀምሩ።

የተበከለው ክምርስ የት ይሂድ?

ወንዝ ዳር አይደፋም። ቀበና ወንዝም ይሁን ቡልቡላ፣ ከታች በዚያ ውሃ ጎመንና ሰላጣ የሚያጠጣ ሰው አለ። ለጎረቤት በነፃ መስጠትም ነውር ነው፤ ሳይነግሩ ከሆነማ የባሰ። ሣር ያለው ግቢ ካላችሁ በስሱ መበተን የተሻለው መንገድ ነው፤ ያንን ሣር አጭዳችሁ ግን መልሳችሁ ኮምፖስት አታድርጉት። በክምር ማቆየት ምንም አይፈይድም። መሃሉ አየር ስለማያገኝ ለዓመታት እንደነበረ ይቀመጣል።

መርጫውን አትርሱ

አንዳንዴ ኮምፖስቱ ንጹሕ ሆኖ ጥፋተኛው መርጫው ነው። ለተባይ ብላችሁ የተዋሳችሁት የጀርባ መርጫ ትናንት ቱ ፎር ዲ ተሞልቶበት ከነበረ፣ ቲማቲማችሁ በማግስቱ ይጠማዘዛል። ውሃ ብቻ አያጠራውም። ለአትክልት የራሳችሁን ትንሽ መርጫ ያዙ፤ ለማንም አታውሱ። ንፉግ ብትባሉም ይሻላል።

ጊዜውን እንዴት እናመቻች?

የመኸር ሰብል ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ይሰበሰባል። አዲስ ጭድ ከጥር ጀምሮ በብዛት ይገባል፤ ዋጋውም ረከስ ይላል። ያኔ ግዙና ደረቅ ቦታ አስቀምጡ። መጋቢትና ሚያዝያ ፀሐይ ስላለ ለፈተና ምቹ ናቸው። ንጹሕ መሆኑ ከተረጋገጠ ፍጉን ግንቦት ላይ ከአፈር ጋር አዋህዱት፣ ጭዱን ለጉዝጓዝ አቆዩት፤ ለሰኔ ተከላ ይደርሳል። ግንቦት መጨረሻ ላይ ገዝቶ በማግስቱ መበተን ነው ሁልጊዜ ጣጣ የሚያመጣው።

የተበከለ መደብ ካላችሁ ደግሞ እንደገና ከመትከላችሁ በፊት ከመደቡ አፈር ወስዳችሁ ያንኑ ፈተና ድገሙ። በዚህ ጊዜ ማደባለቅ አያስፈልግም፤ ሦስቱ ማሰሮ በመደቡ አፈር ብቻ ይሞላ። ባቄላው ሦስት ዙር ቅጠል ቀጥ አድርጎ ካወጣ በጎመንና በሽንኩርት ጀምሩ። ዳር ላይ ሁለት ሦስት ባቄላ ለጠባቂነት ጣል አድርጉ። ቲማቲምና ድንች ለመጨረሻ ይቆዩ፤ ዳር ያለው ባቄላ አብቦ ካያችሁ በኋላ ችግኝ ግዙ።